እሱ መቼ ይወጣል?

ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ደረሰ የሚባል ጎረምሳ ጌም ቤት ነበረው። ጌም ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የቀረነው በቁማችን። መብራት በፈረቃ የነበረበት ጊዜ ስለሆነ መብራት የጠፋ ቀን የምንጫወተው በአፋችን ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በአፍ ሲሆን ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር። የዚያን ዓመት፣ ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው፣ አፋችን ላይ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አውሬ ለቀማ ሁለተኛው።

የጌሙን እውነተኛ ስም የሚያውቅ አልነበረም። ሲዲው ላይ ያለው ጽሕፈት እንግሊዝኛ አይደል፣ ዓረብኛ አይደል፣ ማን ያንብበው? በየጫካው እየዞሩ አውሬ መያዝ ነው፤ የያዙትን ማላመድ፣ ከዚያ ከሰው አውሬ ጋር ማዋጋት። ስለዚህ አውሬ ለቀማ አልነው። የመጀመሪያውን ተጫውተን ተጫውተን ጨርሰነዋል። ሁለተኛው ለፋሲካ ይወጣል የሚል ወሬ ደረሰ ከባሕር ዳር ይዞ መጣ፤ ከኢንተርኔት ቤት ያሳተመውን አንድ ወረቀትም ግድግዳው ላይ ለጠፈልን።

ያ ወረቀት ስንቱን አጣላ! ሁለት አውሬዎች ተፋጠው ቆመዋል። መሐላቸው ነጭ ጺም ያለው አጭር ፍጡር አለ። ከኋላ ሦስተኛ አውሬ መረብ ውስጥ ተይዞ ተቀምጧል። በሁለቱ ተፋላሚዎች ራስ ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት መስመር ተሰምሯል፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። ቀዩን እናውቀዋለን፤ ደም ነው፤ ደም ሲያልቅ አውሬው ይወድቃል። ነጩስ? በመጀመሪያው ጌም ነጭ መስመር የሚባል ነገር አላየንም።

"ነጩ ወተት ነው" አለ ባምላኩ። ባምላኩ በትምህርትም በጌምም የሚቀድመኝ ልጅ ነበር፤ አባቱ መምህር ስለሆኑ የሚናገረውን ሁሉ ከመጽሐፍ ያነበበው ያስመስለዋል። "አውሬው ወተት ጠጥቶ ነው የሚጠነክር።"

"ሂድ ወዲያ! ወተት የሚጠጣ ጥጃ ነው እንጂ አውሬ ነው?" አልኩት።

"አንቺ ሴት ነሽ፤ ስለ ውጊያ ምን ታውቂና ነው?"

ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እዚያ ቤት ከምንገባው ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያምሮት እባላለሁ፤ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እልኸኛ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ልበልጠው ቆረጥኩ። ምን አምጥቼ እንደምበልጠው ግን አላውቅም ነበር፣ እቤታችን በርበሬ እስኪቀነጠስ ድረስ።

አባቴ፣ ቢሆነኝ ይባላል፣ ሹፌር ነበር። ከቡሬ በርበሬና በቆሎ በአይሱዙ ያመላልሳል። ቤት ሲገባ ልብሱ በርበሬ በርበሬ ስለሚል ሲያቅፈኝ አስነጥሳለሁ፤ ሳስነጥስ እሱ ይስቃል። ከጥምቀት ወዲህ ግን ቤት አልገባም። "መተማ ነው ያለው፤ ሰሊጥ ሊጭን ሄዶ። ብዙ ይቆያል" አለችኝ እናቴ። እኔም አመንኳት፤ መተማ ሰው ሄዶ ብዙ የሚቆይበት አገር እንደሆነ ሁሌም እሰማለሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እናቴ እናኑና የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ደስታነሽ ጓሮ ተቀምጠው፣ አፍ አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው የዓመቱን በርበሬ ይቀነጥሳሉ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ነኝ።

"እሱ ግን መቼ ይወጣል ይላሉ?" አለች አክስቴ።

እናቴ የያዘችውን ዛላ ቀንጥሳ ጣለች። "ለፋሲካ ይወጣል የሚሉ አሉ። እኔ እንጃ፣ እታለሜ።"

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ለፋሲካ! እናቴም ታውቃለች ለካ!

"ደሙስ ቆሟል አሉ። የቀረ አጥንቱ ነው" አለች አክስቴ። "አጥንቱ ከጠና ተስፋ አለ።"

"እንግዲህ የቆሰለው ካልዳነ የታሰረው አይወጣም" አለች እናቴ፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። "ያ ከሞተ ይኼም ቀረ ማለት ነው።"

ሁለቱም እንባቸው ይወርዳል። በርበሬው ነው አልኩ። የቡሬ በርበሬ አይደል፣ ማንን ያላስለቀሰ!

እናንተን እንኳ አላደናግራችሁም፤ ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ መተማ አልሄደም። እዚያው ከተማችን ውስጥ ታስሮ ነበር። ከቡሬ ሲመለስ ማንኩሳ አጠገብ ድንገት አስፋልት የገባ የፈረስ ጋሪ ገጨ፤ ፈረሱ ሞተ፣ ባለጋሪው ተሰባብሮ ባሕር ዳር ሆስፒታል ገባ። ሰውዬው ከሞተ አባቴ ዓመታት ይቆያል። ከዳነና ከታረቀ ግን ይወጣል። ይኼን ሁሉ ከእኔ ደበቁ። እናቴ ደግሞ እንደ አገሯ ሴት የባሏን ስም አትጠራም፤ ለእኔ ሲሆን "አባትሽ" ነው፣ ለሌላ ሰው ሲሆን "እሱ"። የኔ ልብ "እሱ" ሲባል ወዴት እንደሚበር በምን ታውቃለች?

በማግስቱ መብራት አልነበረም፤ ጌም ቤቱ ግን ጢም ብሏል። አግዳሚው ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

"ነጩ መስመር አጥንት ነው" አልኩ። "ደም ቢቆምም አጥንት ካልጠና አውሬው አይተርፍም። መረብ ውስጥ ያለው ደግሞ እስረኛ ነው። የቆሰለው ካልዳነ የታሰረው አይወጣም። የቆሰለው ከሞተ ያም እዚያው ቀረ።"

የመጀመሪያው ተናጋሪ ደረሰ ራሱ ነበር፤ ወረቀቱን ትኩር ብሎ ያያል። "ቆይ ቆይ፣ የመታሽውን መልሰሽ ታድኛለሽ ማለት ነው?"

"አዎ። ያንተ እንዲፈታ የዚያኛው መዳን አለበት።"

"ወይ ጉድ!" ባምላኩ በሳቅ ሞተ። "መትቶ ማከም! ይኼ ምኑ ውጊያ ነው? ጤና ጣቢያ ነው እንጂ!"

"እኔ ምን ላድርግ? እንዲህ ነው የሰማሁ።"

"ከማን?"

"የሚያውቅ ሰው አለን" አልኩና ወረድኩ። ከአባቴ የተማርኩት አካሄድ ነበር፤ ዋጋ ተናግሮ ዞር ማለት።

ደረሰ ራሱን ነቀነቀ። "ልጅቱ ሳታውቅ አትቀርም። እዩት፣ ነጭ ነው። አጥንት ነጭ አይደል?" እሱ ካለ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ወንበር ይለቀቅልኝ ጀመር። በየቀኑ "ምን ሰማሽ?" ነው። ምሥጋና የሚባል ከሁላችን የሚያንስ ልጅ ነበር፤ ጌሙ ሲወጣ ቀድሞ ሊጫወት ብሎ የምሳ ሳንቲሙን ያስቀምጥና ሆዱ ሲጮህ ይውላል።

ነጭ ጺሙ ግን ገና አልተፈታም። ባምላኩ ዳኛ ነው ይላል፣ ሌላው ባለመድኃኒት ነው ይላል። ሁዳዴ ሲጋመስ፣ አንድ ቀን አክስቴ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ሳይቆም እየሮጠች ገባች።

"እናኑዬ! ሽማግሌ ገብቷል! መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ራሳቸው ገብተዋል። ሰውዬውም ተሽሎት እቤቱ መጥቷል።"

"እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት!" እናቴ ደረቷን ያዘች። "ዘመዶቹስ እንዳይነኩት…"

"ሽማግሌ ከገባ ወዲያ ማን ማንን ይነካል?"

"ታዲያ ይወጣላ?"

"መውጣቱማ በእጅጉ ነው። አሁን ሁሉም በእጅጉ ነው።"

በእጅጉ ማለት በጣም ማለት ነው፤ ሬዲዮው "ምርት በእጅጉ ጨምሯል" ሲል አይደል የሚውል! ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ጌም ቤት ደረስኩ።

"ጺማሙ ሽማግሌ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ሽማግሌ ሲገባ ማንም ማንንም መምታት አይችልም! ጌሙም በእጅጉ ይወጣል!"

"በእጅጉ!" አሉ ልጆቹ፣ ቆርቆሮውን እየደበደቡ። ባምላኩ ብቻ አልጨፈረም።

"መምታት ካልተቻለ ጨዋታው በምን ያልቃል?" አለ። ጥያቄው ጥሩ ነበር።

"በእርቅ ይሆናላ" አለ ደረሰ፣ እየሳቀ።

ጌሙ እኛ ዘንድ የደረሰው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ነጩ መስመር የእንቅልፍ መለኪያ ኖሯል፤ ጺማሙም ዕቃ ሻጭ ነው፤ አንዱንም አላገኘሁትም። እጅጉ ደግሞ የባለጋሪው ስም ነበር። የአባቴ መውጣት በእሳቸው ነበር የተንጠለጠለ።

እሳቸውም አልበገር አሉ። ሽማግሌ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ። በካሳው ተስማምተዋል፤ "ቂም የለኝም" ብለው መፈረሙን ግን እንቢ አሉ። እናቴ ከሰውነት ጎዳና ወጣች፤ ጾም ነው እያለች ጭራሽ እህል መቅመስ ተወች። እኔም ፈራሁ። ጌሙ ካልወጣ እዚያ ቤት በምን ዓይኔ እገባለሁ?

"ልጅቱን ይዘን እንሂድ" አለች አክስቴ በሆሣዕና ዋዜማ። "ልጅ ያየ ይራራል።"

"ልጄን? አይሆንም! አትሰማም ብዬ ስንት ለፍቼ!"

"እናኑ፣ ነገሩ እኮ በሰውዬው እጅ ነው። ከእሳቸው እጅ የሚያስወጣልሽ ሌላ ማን አለ?"

በሰውዬው እጅ! ለካ ጌሙን የያዘው ሰው አለ! ቀሚሴን ራሴ ለበስኩ።

እስከ ማንኩሳ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ግቢው የባሕር ዛፍ አጥር አለው፤ ከበሩ አጠገብ ጎማው የተጣመመ ጋሪ ተገልብጧል። መሪጌታ ወልደ ሥላሴና ሌሎች ሽማግሌዎች ጥላ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊት ለፊታቸው አንድ ትልቅ ሰውዬ እግራቸው በጀሶ ታስሮ መደብ ላይ ተዘርግተዋል። እጃቸውን አየሁ። ባዶ ነው። ጋቢያቸው ውስጥ ይሆናል አልኩ።

"እጅጉ፣ ልጄ" አሉ መሪጌታ፣ "ዕርቅ ደም ያደርቅ ይላሉ አባቶች። የሚመጣውም ሳምንት ሕማማት ነው። ሆነ ብሎ አላደረገውም።"

"አባቴ፣ እኔም ሆነ ብሎ ነው አላልኩም" አሉ ሰውዬው። "ግን እኔ አልጋ ላይ ታስሬ የለ? ፈረሴ ወንድሜ ነበር። እሱም ትንሽ ይቅመሳት።"

እጅጉ! ያን ጊዜ በራልኝ። "በእጅጉ ነው" ያሉት "በጣም" ማለታቸው አልነበረም፤ እኚህን ሰውዬ ነው። ጌሙ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ከልክለው የያዙት እሳቸው ናቸው!

እናቴ ከጓሮ ድንጋይ አንስታ ማጅራቷ ላይ ጫነችና ተንበረከከች። እኔ ድንጋይ መሸከም ይቅርታ መለመኛ መሆኑን አላውቅም። ያየሁት እናቴ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሁዳዴ ያደከመው አንገቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ድንጋይ ተሸክማ መሬት ላይ ስትንበረከክ ነው። ለኔ ብላ! ለአንድ ጌም! እንደዚያ ቀን ወድጃት አላውቅም። አላስቻለኝም፤ ከአክስቴ እጅ አመለጥኩና ሰውዬው ፊት ቆምኩ።

"አባባ፣ እሱ በእርስዎ እጅ ነው አሉ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ማን ልጄ?"

"እሱ! መቼ ነው የሚወጣ? ለፋሲካ ይወጣል ብዬ ለልጆቹ ሁሉ ነግሬያለሁ። በየቀኑ 'ወጣ ወይ? ወጣ ወይ?' ይሉኛል። ካልወጣ ምን እላቸዋለሁ?"

የሰውዬው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። "ብዙ ናችሁ እንዴ?"

"በጣም! ቤቱ አይበቃንም፤ ግማሾቻችን ቆመን ነው የምንውል። ምሥጋናማ ትንሹ፣ ምሳውን ትቶ እሱን ይጠብቃል፤ ሆዱ ሲጮህ ይሰማናል። እናቴንም ድንጋዩን ያስወርዷት። ከእንግዲህ ባይወጣም ግድ የለም፣ እሷን ያስወርዷት!"

አክስቴ አፏን በነጠላዋ አፍናለች። መሪጌታ መሬት መሬት ያያሉ። ልብ በሉ፤ እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ፤ ወንድምም እህትም የለኝም። እናቴ ከድንጋዩ ሥር ሆና ይኼን ሁሉ ልጅ ስትሰማ ምን እንዳሰበች እግዜር ይወቅ፤ መናገሩን ግን አልተናገረችም።

"አንሱላት!" አሉ እጅጉ ድንገት፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። "ያን ድንጋይ አንሱላት እንጂ ምን ትጠብቃላችሁ! ይውጣ! ለእግዚአብሔር ብያለሁ፣ ይውጣ! ልጅ በረሃብ አስቀምጬ ምን ፋሲካ አከብራለሁ?"

ሽማግሌዎቹ ብድግ ብለው መረቁ። እናቴ እግራቸው ሥር ወደቀች። እኔ ደግሞ አሁን ከጋቢያቸው ያወጡታል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላወጡም።

ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ ቆማ ሁለት ጉንጬን ያዘች። "ያምሮቴ፣ ከመቼ ጀምረሽ ነው ያወቅሽ?"

"ከበርበሬው ቀን" አልኳት።

"አውቀሽ ነው ለካ ዝም ያልሽ! አውቀሽ!" ብላ አቅፋኝ ተንሰቀሰቀች። በአካባቢው በርበሬ አልነበረም። እስከ ዛሬ ለጎረቤት "የኔ ልጅ በሁለተኛ ክፍሏ አባቷን አስፈታች፤ ያን ሁሉ ልጅ ከየት እንዳመጣችው!" ትላለች፣ ብልኀቴን እያደነቀች። እኔም ዝም ብዬ እመረቃለሁ። አቶ እጅጉ ደግሞ በዳግማይ ትንሣኤ በምርኩዝ እቤታችን መጡ፤ ለልጆቹ ብለው አንድ ጆንያ ሙሉ ድንች አስይዘው። ቤቱን ዙሪያውን አይተው "ልጆቹስ?" አሉ። አባቴ ወደ እኔ ጠቆመ። ሰውዬው ለአፍታ አፈጠጡብኝና እስኪያስላቸው ሳቁ።

ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው፤ የሕማማት ማክሰኞ ጠዋት እናቴ "ተነሽ፣ ዛሬ ይወጣል" አለችኝ። ሦስታችን ሄድን፤ ከትልቅ የብረት በር ፊት ቆምን። ዘበኛ አለ፣ ጠመንጃ አለ። ጌሙ ይኼን ያህል ይጠበቃል ብዬ ኮራሁ። በሩ ሲከፈት አንድ ጺሙ የረዘመ ከሲታ ሰው ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ብቅ አለ።

"ወጣ!" ብላ ጮኸች አክስቴ። "ወንድሜ ወጣ!"

እኔ ከሰውዬው ኋላ ኋላ አያለሁ። ከኋላው ማንም የለም፤ በሩ ተዘጋ። ሰውዬው ተንበርክኮ "ያምሮት" አለኝ። በርበሬ አይሸትም ነበር፤ ድምፁ ግን የአባቴ ነው።

ደሙ፣ አጥንቱ፣ ሽማግሌው፣ ሁሉም እዚያው በቆምኩበት ቦታ ቦታውን ያዘ። አባቴ እስር ቤት ሊቀርብኝ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ስለ መስመር ስከራከር! ግን ወጥቷል፤ ይኸው ፊቴ ነው። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩና "እሱ አንተ ነህ እንዴ?" አልኩት።

"እሱ ማን?" አለ ግራ ገብቶት።

እናቴ አጠገባችን ቆማለች። በሕማማት መሳሳም የለም፤ ይሁዳ ጌታን የሸጠው በመሳም ነውና ሰላምታም በሩቁ ነው። አክስቴ "እናኑ፣ ሕማማት!" አለች። እናቴ "አውቃለሁ፤ እሱ ይቅር ይበለኝ" አለችና ባሏን ጉንጭ ለጉንጭ አገላብጣ ሳመችው። ዘበኛው ፊቱን አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ባምላኩን፣ ምሥጋናንና ሌሎቹንም አጥራችን ላይ ተንጠልጥለው አገኘኋቸው።

"ወጣ ወይ?" አለ ባምላኩ።

ከጓዳ የአባቴ ሳል ይሰማኛል፤ እናቴ የሚታጠብበት ውሃ እየጣደች ታወራዋለች።

"ወጣ!" አልኩ።

"በናትሽ! እና እንዴት ነው?"

"ከስቷል" አልኩት። "ጺሙም ይዋጋል። ነገ ኑና እዩት፤ ዛሬ ግን የኔ ነው።"

በሩን ዘጋሁባቸው።